ለአሮጌ ግንብ የሚስማማ ጡብ



በየቁምስናው የሕንፃ ኮሚቴ አባላት የሆናችሁ ምዕመናንና በየጸሎት ቤቱ የምታገለግሉ ካቴኪስቶች ደጋግማችሁ ከምታቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ፣ «የአሮጌው ጸሎት ቤታችን ጡብ እየረገፈ ነው፤ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ወይስ እንጠግነው? የምንጠግነው ከሆነስ በምን ዓይነት ጡብ?» የሚል ነው። ጥያቄው የግንበኞች ብቻ ቢመስልም፣ ገንዘቡን የሚያዋጣውም ሆነ የጥገናውን ውሳኔ የሚወስነው ሕዝበ ክርስቲያኑ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማወቁ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

አስቀድመን አንድ የራሳችንን ስሕተት እንናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐዋሳ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቁምስና የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ከመሠረቱ በላይ፣ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ፣ መርገፍ ጀምሮ ነበር። ኮሚቴው ምክር ሲጠይቀን፣ እኛም ሳንመረምር፣ «የረገፉትን ጡቦች በጠንካራ የፋብሪካ ጡብ ተኩ፤ መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ሙሉ፤ በላዩም ደኅና አድርጋችሁ በሲሚንቶ ለስኑት» አልናቸው። ሥራው ባለቀ ጊዜ ሁሉም ተደሰተ። በሦስተኛው ክረምት ግን ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነሥቶ ወደቀ፤ ከሥሩ የነበረው አሮጌ ጡብም ዱቄት ሆኖ አብሮት ወረደ። ቀድሞ ከጉልበት ያላለፈው እርጥበት ወደ መስኮቱ ደፍ ወጥቶ ነበር። አዲሶቹ ጡቦች ግን አንዳች አልሆኑም። በዙሪያቸው ያሉት አሮጌዎቹ ተበልተው አልቀው፣ እነርሱ ብቻ ከነሲሚንቷቸው ጎልተው ቆመው ነበር።

በዚያን ጊዜ ኮሚቴው «እንግዲያማ ይፍረስ» ወደሚለው አዘነበለ። በስብሰባው ላይ የተገኙ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ጡብ አባቴ በእግሩ የረገጠው ጭቃ ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ውሃ ተሸክሜለታለሁ። እናንተ ያበላሻችሁትን እርሱ እንዳበላሸው አድርጋችሁ አታፍርሱት» አሉ። የሚመልስላቸው ሰው አልነበረም። እኛም ምን እንዳበላሸን ለማወቅ መጠየቅና መማር የጀመርነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የስሕተታችን ሥር «የሚበረክት» እና «ጠንካራ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ አድርገን መውሰዳችን ነበር። ለአዲስ ሕንፃ ጠንካራው ጡብ ብዙ ጊዜ የሚበረክተው ነው። ለአሮጌ ሕንፃ ጥገና ግን የሚበረክተው ከነባሩ ግድግዳ ጋር የሚስማማው ነው፤ ከጎኑ ካሉት ይልቅ እጅግ የጠነከረ ጡብ ራሱ ይበረክታል እንጂ ግድግዳውን አያበረክተውም።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ጡብ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ጡብ ለዓይን ድፍን ቢመስልም በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የኩራዝ ክር ጋዙን ስቦ ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ ጡብም በመሠረቱ ሥር ያለውን የመሬት እርጥበት እየሳበ ወደ ላይ ያወጣል። ይህ ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ ከአፈሩ የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል። በተለይ በእኛ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የከርሰ ምድሩ ውሃ በብዙ ቦታ ሶዳና ሌላም ጨው የበዛበት መሆኑን ጉድጓድ ያስቆፈረ ሁሉ ያውቃል። ውሃው የግድግዳው ፊት ላይ ደርሶ ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨውም ሲደርቅ እየጠጠረና እየሰፋ የያዘውን ነገር ከውስጥ ይገፋዋል። በግድግዳ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ የምናየው ይኸው ነው። በላይ በላዩ ሲቀር በመጥረጊያ ይነሣል፤ ከፊቱ ጥቂት ወደ ውስጥ ገብቶ ሲጠጥር ግን የጡቡን ፊት ገፍፎ ይጥለዋል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ውሃው በየት በኩል ይወጣል የሚለው ነው። የቀደሙት ግንበኞች ጡቡን የሚያያይዙት በጭቃ ወይም በኖራና በአሸዋ ቅልቅል ነበር። ይህ ማያያዣ (ዛሬ ሞርታር የሚባለው) ከጡቡ ይልቅ ለስላሳና ውሃ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፣ እርጥበቱ የሚተነው በመገጣጠሚያው በኩል ነው። ጨውም የሚበላው መገጣጠሚያውን ነው። መገጣጠሚያ ቢበላ ደግሞ በጥቂት ኖራና አሸዋ መልሶ ይሞላል፤ ጉዳቱም ወጪውም ቀላል ነው። ሲሚንቶ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሲሚንቶ ማያያዣ ከአሮጌው ጡብ ይልቅ የጠነከረና የታፈነ በመሆኑ፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል፤ ጨውም ጡቡን ይበላል። በዚህም ላይ ሲሚንቶው የራሱን ጨው ይጨምራል። በየቦታው መገጣጠሚያው እንደ አጥንት ጎልቶ፣ በመካከሉ ያለው ጡብ ግን ተቦርቡሮ የምታዩት ግድግዳ ሁሉ ታሪኩ ይህ ነው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ስለ ሆነች፣ «ታሪካዊ ሕንፃ» ሲባል አሳባችን ወደ ሩቅ ሀገር መሄዱ አያስገርምም። ነገር ግን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩት የሚስዮን ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጸሎት ቤቶች ዛሬ የአያቶች ዕድሜ አላቸው፤ ታሪካችን እነርሱ ናቸው። ቢሆንም ትምህርቱን የምናገኘው ከእነርሱ በፊት ከነበሩት ነውና ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

የተተኮሰ ጡብ በሀገራችን የትናንት ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን። በአክሱም ግን ከሐውልቶቹ አጠገብ ከመሬት በታች ያለ አንድ መቃብር «የጡብ ቅስቶች መቃብር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 በኔቪል ቺቲክ የተመራው የአርኪዮሎጂ ቡድን ያገኘው ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የዴቪድ ፊሊፕሰን ቡድን ቁፋሮውን ቀጥሎበታል። በደረጃ ወደ ታች ወርደው ሲያዩት፣ የመግቢያዎቹ ቅስቶች በእሳት ከተተኮሱ ጡቦች የተሠሩና የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ናቸው። ዘመኑም በአራተኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይገመታል። እንግዲህ የአክሱም ሰዎች ድንጋይ በሞላበት ሀገር፣ ያን የሚያህል ሐውልት ከአንድ ድንጋይ ጠርበው ማቆም እየቻሉ፣ ቅስት ሲሠሩ ጡብን መርጠዋል። ጡብ የድሀ ድንጋይ ነው የሚለውን አነጋገር ስንሰማ ይህን ማስታወስ ይገባናል። በፈረንሳይ ሀገር በአልቢ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1282 መሠራት የጀመረው የቅድስት ሴሲሊያ ካቴድራልም በጡብ የተሠራ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የጡብ ሕንፃዎች አንዱ ነው።

የማያያዣን ነገር በሚገባ የሚያስተምረን ግን ጎንደር ነው። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የድንጋይ እንጂ የጡብ አይደሉም፤ ሆኖም ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው፤ የጥገናቸውም ታሪክ ለጡብ ሕንፃ ያው ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብ በጣና ዙሪያ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ እንደ ተስፋፋ በዚያ የነበሩት ኢየሱሳውያን ጽፈዋል። አጼ ፋሲለደስም እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ጥበቡ ለቤተ መንግሥታቸው አገልግሏል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣልያን ወረራ ዘመን አንዳንዶቹ ሕንፃዎች በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ተጠገኑ። ሥራው የዘመኑ ዕውቀት የመጨረሻ ደረጃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነገር ግን በ1970ዎቹ ዩኔስኮ የጥገና ሥራ ሲጀምር፣ ከዋና ተግባሮቹ አንዱ ያንኑ ሲሚንቶ እያነሡ በጥንቱ የኖራ ማያያዣ መተካት ሆነ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በላሊበላም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተቀባውን ሬንጅና ቀለም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጡት ጠጋኞች ፈቅፍቀው ማንሣት ነበረባቸው። ሁለቱም ሥራዎች ሕንፃውን ለማጥፋት ታስበው አልተሠሩም፤ እንደ እኛው ሁሉ ውሃውን ዘግቶ ማስቀረት ይቻላል ከሚል አሳብ የመጡ ናቸው።

የጨው ጉዳት ምን ድረስ እንደሚደርስ ለማየት የሚሻ ደግሞ በፓኪስታን በኢንዱስ ወንዝ አጠገብ ያለችውን ሞሄንጆ ዳሮን ይመልከት። ከአራት ሺህ ዓመታት በፊት በተተኮሰ ጡብ የተሠራች ከተማ ናት። ከአፈር በታች እስካለች ድረስ ደኅና ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ተቆፍራ ስትገለጥ ግን ከከርሰ ምድር የሚወጣው ጨው ጡቧን እያፈረሰ ዱቄት ማድረግ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም የጠባቂዎቿ ትልቁ ጭንቀት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጡቡ ምርጫ እንምጣ። ጡብ የሚሠራው ከሸክላ አፈር ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ለወራት ለፀሐይና ለዝናብ ተሰጥቶ ሲሰነብት ይለሰልሳል፤ ከዚያም ተረግጦ፣ በቅርጽ ማውጫ ተመትቶ፣ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። በፀሐይ ተቻኩሎ የደረቀ ይሰነጠቃል። ወደ ምድጃ ከገባ በኋላ መጀመሪያ በላዩ ያለው ውሃ፣ ቀጥሎም በአፈሩ ውስጥ የተዋሐደው ውሃ ይወጣል፤ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲደርስ የአፈሩ ቅንጣቶች በጠርዛቸው እየቀለጡ ይያያዛሉ፤ ከዚህም በኋላ ውሃ መልሶ ጭቃ ሊያደርገው አይችልም። ከ573 ዲግሪ አካባቢ በአፈሩ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት መጠኑ ስለሚለወጥ፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ቸኩሎ የሚከፍት ሰው ጡቡን ያሰነጥቃል። በባህላዊ ምድጃ ከአንድ ጊዜ ተኩስ ሦስት ዓይነት ጡብ ይወጣል፤ ለእሳቱ የቀረበው ጠቁሮና ተጣምሞ እንደ ብርጭቆ ይደድራል፣ ዳር ያለው ገርጥቶ ለስላሳ ይሆናል፣ መካከል ያለው ደኅና ይበስላል። የጥንት ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር። ደረቁን ለመሠረት፣ መካከለኛውን ለውጭ ግድግዳ፣ ለስላሳውን ዝናብ ለማይነካው ለውስጥ ክፍልፍል ይመድቡት ነበር። የውስጡን ጡብ አውጥቶ በውጭው የሚተካ ዛሬም ይስታል።

ለጥገና ጡብ ስትፈልጉ የመጀመሪያው ናሙናችሁ ያው የረገፈው አሮጌ ጡብ ነው። ያልተበላውን ስባሪ አትጣሉት። በደንብ አድርቃችሁ መዝኑት፤ ከዚያ 24 ሰዓት በውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ፣ ላዩን በጨርቅ ጠርጋችሁ እንደ ገና መዝኑት። ደረቁ 2.5 ኪሎ፣ እርጡ 3 ኪሎ ቢሆን፣ ግማሽ ኪሎ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ይህም ከክብደቱ ከመቶ 20 ነው። ሊገዛ የታሰበውንም ጡብ እንዲሁ አድርጋችሁ መዝኑ። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ጡቡ ተስማሚ ነው። አሮጌው ከመቶ 20 ጠጥቶ አዲሱ ከመቶ 8 ብቻ ቢጠጣ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢያመሰግነው አትግዙት። በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። በተቃራኒው ደግሞ አዲሱ ከአሮጌው እጅግ አብልጦ የሚጠጣ ከሆነ አልበሰለም ማለት ነው።

ከሚዛኑ ሌላ በእጅና በጆሮ የሚታወቁ ነገሮች አሉ። ሁለት ጡቦችን ብታጋጩ ደኅና የበሰለው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልበሰለው ወይም ውስጡ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ አለው። በጥፍር ሲጭሩት መፈልፈል የለበትም። አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢሆን መልካም ነው፤ መካከሉ ጥቁር ከሆነ እሳቱ አልደረሰውም። ነጫጭ እንክብሎች ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ። እነዚያ በአፈሩ ውስጥ የነበሩ የኖራ ድንጋዮች ናቸው፤ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ውሃ ሲያገኙ ያብጡና ጡቡን ያፈነዱታል። ጨው እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ ጡቡን በሳሕን ውስጥ በቁሙ አቁማችሁ ሁለት ጣት ያህል የዝናብ ውሃ አድርጉበት፤ ውሃውን ጠጥቶ ሲደርቅ አናቱ ላይ ብዙ ነጭ ነገር ከወጣ ለጥገና አይሆንም። የዝናብ ውሃ ያልነው የጉድጓዱ ውሃ የራሱን ጨው ይዞ እንዳያሳስታችሁ ነው።

መጠኑም ነገር አለው። አሮጌው ጡብና የዛሬው ፋብሪካ ጡብ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ጡብ በመዶሻ እየሰበሩ ማግባት ደግሞ ውሃ የሚገባበት ፊት ይከፍታል። የሚሻለው አካባቢያችሁ ላለ ሸክላ ሠሪ በአሮጌው ልክ ማሠራት ነው። የአካባቢው ሸክላ ሠሪ ሴቶች ስለ አፈሩ ያላቸው ዕውቀት ከብዙ መሐንዲስ የሚበልጥ መሆኑን እኛ በዓይናችን አይተናል፤ የትኛው ጉድጓድ የሚሰነጠቅ፣ የትኛው እሳት የሚችል አፈር እንደሚሰጥ በጣታቸው ያውቁታል። ለቅርጹ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ከመቶ ስምንት እስከ አሥር ያህል ሊያጥር ስለሚችል፣ 25 ሴንቲ ሜትር ጡብ የሚፈልግ ሰው ቅርጽ ማውጫውን ከ27 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ማሠራት ይኖርበታል። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ጥቂት የሙከራ ጡቦች ተተኩሰው ሲለኩ ነው።

ጡቡ ከተገኘ በኋላ ማያያዣው ይቀራል፤ ደኅና ጡብ በመጥፎ ማያያዣ ከተሠራ ድካሙ ከንቱ ነው። አንድ እጅ የኖራ ሊጥና ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ የቆየ የታመነ ልክ ነው። ኖራው ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት፣ ቢቻል ለወራት፣ ተሸፍኖ ሲቆይ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ለሥራው የምታሰማሯቸውን ወጣቶች አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨምራሉ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አያፈሱም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽርና ጓንት ይደረግ፣ ሕፃናትም አይጠጉ፤ ለማንኛውም ብዙ ንጹሕ ውሃ በአጠገብ ይኑር።

ንጹሕ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ቀስ በቀስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለ ሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ዝናብ ለሚመታው ግድግዳ ፈጠን ብሎ እንዲይዝ ከተፈለገ ከአሸዋው ጥቂቱን በተፈጨ ጡብ ዱቄት መተካት ይቻላል። በሕንድ ሀገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ537 በቁስጥንጥንያ የተፈጸመችው የሐጊያ ሶፊያ ጡቦችም የተያያዙት የጡብ ዱቄትና ስባሪ በገባበት ኖራ ነው። ዱቄቱ ግን ብዙ እሳት ካልነካው ለስላሳ ጡብ መፈጨት አለበት፤ የጠቆረውና የደደረው ከኖራ ጋር አይዋሐድም።

ሮማውያን ለዚሁ ሥራ በኔፕልስ አጠገብ ከፖትስዎሊ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ዐመድ ይጠቀሙ ነበር፤ በሮም ያለው የፓንቴዎን ጉልላትም በዚህ ዓይነት ቅልቅል ተሠርቶ ከ1,800 ዓመታት በላይ ቆሟል። እኛስ የተቀመጥነው በምን ላይ ነው? ከሐዋሳ በስተ ሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ በጥንት ዘመን የተፋው ቀላል ነጭ ድንጋይና ዐመድ አካባቢውን ሸፍኖታል። ፓሚስ ብለን ለብሎኬት የምንጭነው ይኸው ነው። እጅግ ደቆ ሲፈጭ ከኖራ ጋር የመያያዝ ጠባይ አለው። ሆኖም ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለሚለያይ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። አንድ እጅ ኖራና ሁለት እጅ የደቀቀ ፓሚስ አቡክታችሁ፣ እንደ እንቁላል አድቦልቡላችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡና ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ሳይፈርስ ከቀረ ይሠራል። የሐይቁን ዳር አሸዋ ግን ሳታጥቡ አትጠቀሙ።

በሥራው ጊዜ የተበላውን መገጣጠሚያ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ድረስ በመሮና በቀላል መዶሻ ብቻ ያውጡ፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የተነካ አሮጌ ጡብ ጠርዙን ያጣል። ቀድሞ የገባ ሲሚንቶ በቀላሉ የሚነሣ ከሆነ ይነሣ፤ ከጡቡ ጋር ተጣብቆ ጡቡን ይዞ የሚወርድ ከሆነ ግን እስኪላቀቅ ድረስ ይቆይ። አዲሱ ጡብ ከመገንባቱ በፊት በውሃ ይራስ፤ ደረቅ ጡብ የኖራውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። ካለቀም በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። በሐዋሳ የበጋ ፀሐይ ሳይሸፈን የተተወ የኖራ ሥራ በሁለት ቀን ውስጥ አሸዋ ሆኖ እንዳየነው እንመሰክራለን።

ሲሚንቶን የጠላን እንዳይመስልባችሁ። ለአዲስ ቤት፣ ለብሎኬትና ለወለል ተገቢ ነው። ግድግዳ ካዘመመ ወይም ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ደግሞ ነገሩ የጡብ ሳይሆን የመሠረት ነውና መሐንዲስ ጥሩ። የምንኖረው መሬት በሚናወጥበት ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሐዋሳን የነቀነቃት የመሬት መንቀጥቀጥ ከአእምሯችን አልጠፋም። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጡብ እንኳ ሳትነኩ ወደ ላይ ወደ ጣራው፣ ከዚያም ወደ ታች ወደ መሬቱ ተመልከቱ። አሸንዳው ተቀዶ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርድ እንደ ሆነ፣ በአትክልት ሥራ ጊዜ የተቆለለ አፈር ከመሠረቱ በላይ ደርሶ ጡቡን ነክቶ እንደ ሆነ መርምሩ። ከምናያቸው ጉዳቶች እጅግ የሚበዙት መነሻቸው ይህ ነው፤ መድኃኒቱም አካፋና ቆርቆሮ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በባህላዊ ቅርሶች ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ ቅርስ የሆነ ሕንፃ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊጠገን አይችልም። የእናንተ ጸሎት ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ እንደ ሆነ ከሥራው በፊት ከባህል ቢሮ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ ከተማ የተሰበሰቡ የሕንፃ ጥበብ ሊቃውንት ባወጡት ቻርተር ደግሞ፣ የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር የተስማማ፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ተለይቶ የሚታወቅ እንዲሆን ተወስኗል። ለእኛ ይህ ቀላል ነው፤ ጡቡ ሳይደርቅ በአንድ ጎኑ ዓመተ ምሕረቱን በጣት መጻፍ ይበቃል።

በዚያች ቁምስናም ጸሎት ቤቱ አልፈረሰም። በመጀመሪያው በጋ የወጣቶች ማኅበር አባላት ልስኑን አነሡ፤ በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር ዝቅ አደረጉ፤ አሸንዳውም ተሠራ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው እንዲደርቅ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይደረግበት ተተወ። ለኮሚቴው ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር፤ ገንዘብ ሰብስቦ አለመሥራት ስንፍና ይመስላልና። የእርጥበቱ መስመር ግን ያለ አንዳች ጡብ ቅያሪ ከመስኮቱ ደፍ ወደ ቀድሞው ቦታ ወረደ። በሁለተኛው በጋ ወንዙ ዳር ካለው ከጥንቱ ጉድጓድ አፈር ተቆፍሮ ጡብ ተመታ፤ የተበላው ሁሉ ወጥቶ በኖራ ተተካ። እኒያ እናት ከመጀመሪያዎቹ ጡቦች በአንዱ ላይ ዓመቱን በጣታቸው ጻፉ። ከተኩሱ የተረፉት 60 ጡቦች በዕቃ ቤቱ ማዕዘን ተደርድረዋል፤ በላያቸውም አፈሩ የወጣበት ቦታ፣ የኖራውና የአሸዋው ልክ እንዲሁም ከ24 ሰዓት በኋላ የጠጡት የውሃ መጠን ተጽፎ በወረቀት ተለጥፏል።